የሉሲ ሰባት ፐርሰንት

እኅቴ ሉሲ ልትሞት እንደሆነ የነገረን ዶክተር ዮኤል ነው። በእርግጥ እሱ እንደዚያ አላለም። እኔ ግን ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበርና የሰማሁት እንደዚያ ነው።

ቢሮው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከታች መድኃኒት ቤት አለ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ደምና ሽንት ይመረመራል። ከምርመራው በላይ ዶክተር ዮኤል አለ። ደረጃውን ስንወጣ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። አንዲት ሴትዮ ትንሽ ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አሳለፈችን። ይህን ሁሉ አልፌ ስወጣ ከላይ የሚጠብቀን ሰው ሐኪም ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አባቴ መሸሻ ኮልፌ ገበያ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው። ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ ነበር። እናቴ አልማዜ ለቅሶ የምትሄድ ይመስል ፊቷን ከስክሳለች። ሉሲ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም። እኔ ምሥራቅ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የምቀመጥበት ጎረቤት ስለታጣ ነው ይዘውኝ የሄዱት።

ዶክተር ዮኤል ወጣት ነው። ክራቫት አስሮ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። ከጀርባው ባለው ሰሌዳ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ሦስት ረድፎች አሉ።

“ውጤቷን ይዛችሁ መጥታችኋል?” አለ።

አባቴ ከኮቱ ኪስ ወረቀት አወጣ። ውጤት ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ የታመመ ጊዜ ሚስቱ እትዬ ዋጋነሽ ውጤት ልትቀበል ስትመላለስ ነው የከረመችው።

ዶክተሩ ወረቀቱን አየና ከንፈሩን ነከሰ። “ከቤተሰቡ ከዚህ በፊት የነበረ አለ?”

“ኧረ የለም።” አለ አባቴ።

“በእናትም በኩል?”

እናቴ አንገቷን ደፋች። “ማንም የለም።”

“ግሩም ነው! ይሄ ይረዳናል።” አለና ጻፈ። “እሷን መቼ ነው የጀመራት?”

“ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው ዶክተር። አንዴ ከያዛት በኋላ አልለቀቃትም።” አባቴ ይህን ሲል ፈገግ ማለቱ ገረመኝ።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ ወይ ነው። ሁለተኛው የሒሳብ ፍቅሯ መቼ እንደጀመራት ነው። ዮኤል ሥራው ውጭ አገር ያሉ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ተማሪ የመቀበል ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ መገመት ነበር። ዶክተርነቱንም ቢሆን የሰጠው የሕንፃው ዘበኛ ጉዲሳ ነው፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚሠራን ሰው ሁሉ ዶክተር ብሎ ይጠራል። ዮኤልም አላረመውም።

“እሺ ጋሽ መሸሻ፣ አሁን ዋናውን ልጠይቅዎት፤” አለ ዶክተር ዮኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ምን ችግር ደርሶባታል?”

“ማን? ሉሲ?” አባቴ ደረቱን ነፋ። “ምንም! ጫማ ስትል ጫማ፣ መጽሐፍ ስትል መጽሐፍ። ልጄ ምንም ነገር አልጎደለባትም።”

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እሱ ነው ችግሩ።”

“እንዴት?”

“እዚያ ያሉት ሰዎች ተሰቃይቶ የተነሣ ልጅ ነው የሚፈልጉት። የፈረሰ ቤት? ጎርፍ? የሞተ ወላጅ?”

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ በሕይወት መኖሩ ያሳፈረው መሰለኝ፤ ወንበሩ ላይ ትንሽ አነሰ።

“ዘግይታችኋል፤” አለ ዶክተር ዮኤል። “ዘጠነኛ ክፍል እያለች ብታመጧት ብዙ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር።” ከዚያ ላፕቶፑን ነካካ፤ ጠበቀ፤ እኛም ጠበቅን። “ሰባት ፐርሰንት።”

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባቴ “ከመቶ?” ብሎ ጠየቀ፤ ከሌላ ነገር ሊሆን ይችል ይመስል። ዶክተሩ ተነሥቶ በሰሌዳው ቀይ ረድፍ ውስጥ የዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ጻፈ። ከዘጠኙ አንዱም ቢጫው ጋ አልደረሰም።

“ተስፋ አንቆርጥም። ያለው ተስፋ ግን ውጭ ነው።” አለን ሲሸኘን።

ስለ ፐርሰንት የማውቀው ከጋሽ ቱሉ ነበር። ሐኪሞቹ “የመዳን ዕድሉ ሃያ ፐርሰንት ነው” አሉ ተብሎ እናቴና ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። በሃያው ሞተ። ድንኳኑ የተተከለው በእኛ አጥር በኩል ነበር። በሃያ የሞተ ሰው ካለ ሰባት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሉሲን የሚያህል ሒሳበኛ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። ዶክተር ዮኤል “ሌላ ምን ትችላለች? ዋና? ሙዚቃ?” ብሎ ነበርና አባቴ አስኮ ከሚኖር አንድ ጡረተኛ የፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫዋች ጥሩምባ ተውሶ መጣ። ሉሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ቆማ ትነፋለች። ጉንጯ ይወጠራል፣ ዓይኗ ይቀላል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ጥጃ የጠፋባት ላም ድምፅ ነው። ጋሽ ቱሉም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሳንባህ ይጠንክር ብለው የሐኪም ጓንት እያስነፉት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ በሽታዋ ሳንባዋ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዶክተሩ መሪ መሆን አለባት ስላለ የኮልፌ ወጣት ሒሳበኞች ክበብ ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቷ ሉሲ ነች። አባላቱ እኔና ሁለት የአጎቴ ልጆች ነን። አባቴ ሱቁ ውስጥ የሚስማር ካርቶኖች ላይ አስቀምጦ ፎቶ አስነሣን። “አትሳቁ፣ የተቸገራችሁ ምሰሉ፤” አለን ፎቶ አንሺው ሲያነጣጥር። እኔ መቸገር አላስፈለገኝም። እኅቴን የማያት ለመጨረሻ ጊዜ እየመሰለኝ አለቅስ ነበር። ያ ፎቶ ዛሬም እናቴ ቤት ተሰቅሏል፤ የሚያዩት ሁሉ “ይቺ ሚጢጢዋ ምን ሆና ነው?” ይላሉ።

ሉሲም ከቀን ወደ ቀን ከሳች። ምሳዋን ትታ ለእንግሊዝኛው ፈተና ታጠናለች፤ ስትጠራ አትሰማም። እናቴ “ብዪ እንጂ ልጄ” ትላታለች። አባቴ ደንበኛ እየጠበቀው በሐሳብ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲዎቹን ስማቸውን መያዝ ስላልቻለ እንደ ኳስ ቡድን በከተማቸው ነው የሚጠራቸው። “የቦስተኑ ቢተዋት የኒውዮርኩ አይተዋትም፤” እያለ ቆርቆሮ ይቆጥራል፤ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን መቻል አቃተኝ። እትዬ ዋጋነሽ ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

“እትዬ ዋጋነሽ፣ ሰባት ፐርሰንት የተባለ ሰው ይድናል?”

እጇ አረፋው ውስጥ ቀጥ አለ። “ማን ነው የተባለው?”

“ሉሲ።”

“ማን አላት?”

“ዶክተሩ። ውጭ ካልሄደች ተስፋ የላትም ብሎናል።”

“ያ ጎፍታ! ጌታ ሆይ!” አለች። ታጥበው የነበረው ሸሚዝ ከእጇ ወድቆ አፈር ላይ ቀረ።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን በሰው ተሞላ። እትዬ ዋጋነሽ ከጸሎት ቡድኗ ሴቶች ጋር አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። እትዬ ዘነበወርቅ፣ የሰፈራችን ማኅበረተኛ፣ ጠበል በሃይላንድ አምጥታለች። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ አምቦ ውኃው ጠረጴዛውን ሞላው። ጴንጤዎቹ በአንድ በኩል፣ ኦርቶዶክሶቹ በሌላ በኩል ሆነው ሶፋችንን ተካፈሉት።

እናቴ የመጡበት ምክንያት የገባት መሰላት። የሰባቱ ነገር ከቤት ወጥቶ ሰፈር ገብቷል።

“አልማዜ፣ እኛን ትደብቂናለሽ?” አለች እትዬ ዘነበወርቅ።

“ምን ብዬ ላውራው ዘነቡ? ሰባት ፐርሰንት ተብሎ ይወራል?”

ሴቶቹ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። “ሰባት!”

“እግዚአብሔር ከፈለገ በሰባቱም ይሠራል። ውጭ ይሻላል አሉ?” አለች እትዬ ዋጋነሽ።

“ያለው ተስፋ እሱ ነው። ብቻ ይቀበሏት እንጂ ወጪውን እነሱ ናቸው የሚሸፍኑት።”

“ይባረኩ! እንዲህ ያለ ደግ ሰው አሁንም አለ?”

አባቴ በዚህ መሀል ከሱቅ ገባ። ሁሉም ብድግ አሉ። “ይማርልን ጋሽ መሸሻ፣ ይማርልን!”

ይህን ቃል ላላ አድርገው ሲናገሩት ለታመመ ሰው ነው፤ ጠበቅ ሲል ደግሞ ስለ ትምህርት ይሆናል። አባቴ ጆሮው የያዘው ጠበቅ ያለውን ነው። “አሜን፣ አሜን! የለፋነው ለሱ አይደል? ትማርልን እንጂ!” አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሴቶቹ እምነቱን አደነቁ።

ነገሩ እንደዚህ ተግባብቶ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሉሲ ግን ጥሩምባዋን ይዛ ከጓሮ ገባች። እትዬ ዘነበወርቅ የሃይላንዱን ክዳን ከፍታ ፊቷ ላይ ቸለስ አደረገችባት። “ልጄን! የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?”

ሉሲ ውኃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ቆመች። “ኧረ ምንም አያመኝም።”

“አያችሁ ጀግናዋን?” አለች እትዬ ዋጋነሽና አለቀሰች።

እናቴ የገባት ያኔ ነው። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። “ልጄ ጤነኛ ናት! ማን ነው የታመመች ያላችሁ? በልጄ አታሟርቱብኝ!” ብላ ጮኸች። ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ሰባቱ ፐርሰንት ሁሉንም አስረዳች። ሴቶቹ ሰሟትና እርስ በርስ ተያዩ። ለአንድ ትምህርት ቤት ሲባል እናት እንዲህ ትጮኻለች ብሎ ማን ያምናል? በራችን ላይ ሲደርሱ “የታመመበት ቤት እንዲህ ነው፣ ይደብቃል። የእኔም ቱሉ ደብቆ ነው የሞተው፤” ስትል እትዬ ዋጋነሽን ሰማኋት። እኔም አመንኳት። እናቴን የማምንበት ምክንያት አልነበረኝም፤ መርፌ አያምም ያለችኝም እሷ ነች።

ዘበኛው ጉዲሳ እትዬ ዋጋነሽ የምትጸልይበት ቤት ነው የሚጸልየው። ስለዚህ ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተር ዮኤል ራሱ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤታችን መጣ። ፊቱን አሳዝኖ ነበር፤ እግሩ ግን ይቸኩላል።

“ጋሽ መሸሻ፣ እንዴት ይሄን ያህል ነገር ይደብቁኛል?” አለ ገና ሳይቀመጥ። “እኔ ችግር አላት ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ!”

አባቴ ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት ዶክተሩ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። “ሕመሟን አስገብቼው ነበር። ተመልከቱ። ሠላሳ አራት!”

ቁጥሩ ቢጫ ነበር። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። እኅቴ ድናለች! ሙሉ በሙሉ እንኳ ባይሆን ጋሽ ቱሉን አልፋዋለች። ደስታዬን ያየ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

“ዶክተር፣ ልጅቷ እኮ አልታመመችም፤” አለች እናቴ። “የሰፈር ወሬ ነው።”

 ዮኤል ክራቫቱን ላላ አድርጎ፣ “ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ ምስክር አለ ማለት ነው፤” አለ። “ማመልከቻው ላይ የሕይወት ታሪኳን ትጽፋለች። ታመመች፣ ታገለች፣ ዳነች። የዳነ ቢሆን ይመረጣል። ያልዳነ ሰው መቀበል ይፈራሉ።”

“ምን ዓይነት በሽታ?” አለች ሉሲ ከበሩ ጋ።

“እሱን አንቺ ምረጪ።”

አባቴ የሠርግ ኮቱን ሳይሆን የሱቅ ጋዋኑን ነበር የለበሰው፤ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ሚስማሮች ያንኳኳል። “ወረቀት ላይ ብቻ ነው አይደል?” አለ በመጨረሻ።

“መሸሻ!” አለች እናቴ። “በልጄ ላይ በሽታ አይጻፍም።”

“አልማዜ፣ በእንግሊዝኛ እኮ ነው።”

“እግዜር እንግሊዝኛ አያውቅም?”

 ሁሉም ወደ ሉሲ ዞረ። እሷ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቢጫ ቁጥር ረጅም ጊዜ አየችው። መፈለጓ ከፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ሌሊት ተነሥታ የምታጠናው፣ ጥሩምባ የነፋችው ለዚህ ነው። ከዚያ ዓይኗን ከቁጥሩ አነሣች።

“ጋሽ ቱሉ መጨረሻው ላይ ውኃ መዋጥ አቅቶት በጥጥ ከንፈሩን ሲያርሱለት አይቻለሁ። የሱን ሕመም ወስጄ የኔ ነው ብዬ አልጽፍም። አልችልም።”

አባቴ ኪሱን ማንኳኳቱን ተወ። ተነሥቶ ላፕቶፑን በሁለት እጁ ወደ ዮኤል ገፋው፤ ሰው የቀረበለትን ሳህን በቃኝ ሲል እንደሚያደርገው። “ዶክተር፣ ልጄ ምንም ነገር አልጎደለባትም። እንደዚያው ብለው ይጻፉልን።”

“እንደዚያ ከሆነ ሰባት ነው ጋሽ መሸሻ።”

“ሰባት ይሁን።”

 ሠላሳ አራት በእጃችን ገብቶ ነበር። መድኃኒቱን ቤት ድረስ ያመጣውን ሐኪም እናትና አባቴ በር ከፍተው ሸኙት። ሄጄ የሉሲን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ። “ሠላሳ አራቱን ተቀበዪ፣ ሉሲዬ! አንቺ ተቀበዪና እነሱ ይቆጡ!” እሷ የምለው ሳይገባት አቀፈችኝና፣ “ሰባቷ ትበቃኛለች፤” አለችኝ። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። እንደዚያ የሚሞት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ እየሳቀ፣ ፀጉር እየዳበሰ።

ሉሲ ማመልከቻዎቿን ራሷ ጻፈች። ስለ አባቷ ሱቅ፣ ሚስማር በኪሎ ሲሸጥ ስንት ፍሬ እንደሚሆን ሳይቆጥሩ ስለመገመት ነበር የጻፈችው። አድጌ አንብቤዋለሁ፤ ቆንጆ ነው፣ አንድም ሰው አይታመምበትም። ዮኤል ይጠቀምበት የነበረውንም ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ቀን በኢንተርኔት አገኘሁት። የማንም መጫወቻ ነው። ስሜን አስገብቼ፣ ችግር የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሰባት አለኝ። የጓደኛዬን ሞከርኩ፤ ሰባት። የአባቴን አስገባሁ፣ የስድሳ ዓመት ቆርቆሮ ነጋዴ። ሰባት። ዮኤልን አሁንም በቲክቶክ አየዋለሁ። ክራቫቱን ትቶ ኮፍያ አድርጓል፤ ከስሙ ፊት ያለው ዶክተር ግን አልወለቀም።

መልሱ የመጣው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ዝናብ አባርቶ ግቢያችን ጭቃ ሆኖ ነበር። አባቴና ሉሲ ማዞሪያው ጋ ካለው ኢንተርኔት ቤት ተመለሱ። ሉሲ ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ጫማውን ይጠርጋል፤ የጸዳውንም ደግሞ ይጠርጋል።

“እህ?” አለች እናቴ።

“አትሄድም።”

እትዬ ዋጋነሽ ድምፁን ሰምታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች። “ምን አሉ ጋሽ መሸሻ? ውጭ አትሄድም?”

“አትሄድም። አያስፈልግም አሉ።” አባቴ የተናገረው በምሬት ነበር።

“አያስፈልግም አሉ? ሁሉም?”

“ዘጠኙም።”

“ዘጠኝ ዶክተር አያስፈልግም አለ! እልልልልል!”

እልልታው አጥር ዘለለ። እትዬ ዘነበወርቅ ከቤቷ ሮጣ ስትወጣ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። የጸሎት ቡድኑ መጣ፣ ማኅበረተኛው መጣ፤ ጠበሉ ነው ያዳናት፣ ጸሎቱ ነው ያዳናት እየተባባሉ ጭቃውን እየረገጡ ጨፈሩ። እኔ ከሁሉም በላይ ጨፈርኩ። እኅቴ አትሞትም! ሉሲ ጫጫታውን ሰምታ ፊቷ በእንባ ርሶ ስትወጣ እትዬ ዋጋነሽ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

“አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ። የደስታ ነው።”

በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የከፋት ጊዜ እንደሌለ ሉሲ ነግራኛለች። እዚሁ አዲስ አበባ ተምራ፣ ዛሬ አስኮ ቤት ይዛ፣ ሒሳብ እያስተማረች፣ አሁንም ስታወራው ዓይኗ ይርሳል። ያኔ ግን እትዬ ዋጋነሽ ትከሻ ላይ ሆና ታለቅስ የነበረችው ልጅ ትከሻዋ በሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር። መሳቋንና ማልቀሷን መለየት አልቻልኩም፤ እሷም የቻለች አይመስለኝም።

እትዬ ዋጋነሽ ወደ እናቴ ዞረች። “እውነቱን ንገሪን እንግዲህ አልማዜ። ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው?”

እናቴ ጭቃ የነካውን ሰው ሁሉ አየች። አባቴን አየች። ሉሲን አየች፤ ሉሲም ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ራሷን ነቀነቀች።

“አዎ፤” አለች እናቴ። “ኔጌቲቭ ነው።”

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። “ምን ደጅ ላይ ያቆማችኋል? ግቡ፣ ሁላችሁም ግቡ።”